«ባድመ የማን ነው?» እና ሌሎች ስለ ኢትዮጵያና ኤርትራ ድንበር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የባድመ ጦርነት ሲነሳ ያልተወለዱ ልጆች ዛሬ ራሳቸው የልጆች ወላጆች ሆነዋል። ጥያቄው ግን አላረጀም። አሰብ ወይም ቀይ ባሕር የሚል ወሬ በተሰማ ቁጥር ከሰፈር ቡና እስከ ዋሽንግተን ታክሲ ነጂዎች ጨዋታ ድረስ ይነሳል። ብዙ ጊዜ የሚጠየቁትን ሰብስቤ እንደየክብደታቸው መልሻለሁ። ዓመቶቹ «በፈረንጅ» ካላልኩ በስተቀር በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ጦርነቱ በእርግጥ ለባድመ ሲባል ነው የተነሳው?

መነሻው ባድመ ነው። ሚያዝያ 28 ቀን 1990 በባድመ አካባቢ የሁለቱ አገር ታጣቂዎች ተጋጭተው የኤርትራ ወታደሮች ሞቱ። ግንቦት 4 ቀን ኤርትራ ታንክና እግረኛ አስገብታ ባድመን ያዘች። በማግስቱ አዲስ አበባ «ለቃችሁ ውጡ» አለች፣ አስመራ እምቢ አለች።

ጠቡ ግን ከዚያ በፊት ሲብላላ ቆይቷል። ኤርትራ በ1985 በሕዝበ ውሳኔ ነፃ አገር ስትሆን ሁለቱን የሚገዛቸው የተጻፈ ነገር እጅግ ጥቂት ነበር። ድንበሩ በመሬት ላይ አልተካለለም። ብር በሁለቱም አገር ይሠራ ነበር፣ ኢትዮጵያም ዕቃዋን በአሰብ ታስገባ ነበር። ሁለቱ መሪ ድርጅቶች የትግል ጓዶች ስለነበሩ ነገር ሁሉ በስልክ ያልቅ ነበር። ኤርትራ በ1990 መጀመሪያ የራሷን ገንዘብ ናቅፋን ስታሳትምና ኢትዮጵያ «እንግዲህ ንግዳችን በዶላር ይሁን» ስትል፣ በስልክ የማያልቅ ነገር መጣ። ቢያንስ እኔ እንደማየው፣ ባድመ ላይ የተተኮሰው ጥይት ገበያና ገንዘብ ላይ ከርሞ የነበረ ቂም ነው።

ታዲያ ባድመ የማን ነው?

በሕጉ የኤርትራ ነው። ይህን መናገር ብዙ ሰው ያስቆጣል፤ ቢሆንም ወረቀቱ የሚለውን ማወቅ ይጠቅማል።

ድንበሩ የሚለካው ዳግማዊ ምኒልክ ከጣሊያን ጋር በፈረንጅ በ1900፣ በ1902 እና በ1908 በተፈራረሟቸው ሦስት ውሎች ነው። የመጀመሪያው የመሐሉን ክፍል፣ ማለትም መረብን፣ በለሳንና ሙናን ይመለከታል። ሦስተኛው ወደ አፋር በኩል ከባሕሩ ጠረፍ 60 ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ የሚሄድ መስመር ነው። ባድመ የወደቀችው በሁለተኛው፣ በምዕራቡ ውል ላይ ነው። እሱ ደግሞ መስመሩ ሰቲትን ይዞ ማይተብ ከሚባል ወንዝ መገናኛ ይደርስና ከዚያ ተነስቶ መረብ ከማይ አምበሳ ጋር ወደሚገናኝበት ይሄዳል ይላል፤ የኩናማ ሕዝብም ለኤርትራ እንዲሆን ያዛል።

ማይተብ የቱ ነው? ጭቅጭቁ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ወንዙን ወደ ምዕራብ ካደረጉት ባድመ ኢትዮጵያ ትሆናለች፣ ወደ ምሥራቅ ካደረጉት ኤርትራ። ከጦርነቱ በኋላ በአልጀርሱ ስምምነት የተሰየመው የድንበር ኮሚሽን «ውሉ የተጻፈው ኩናማን ለኤርትራ ለመስጠት ከሆነ መስመሩ ምሥራቁን መያዝ አለበት» ብሎ ተረጎመው። ኢትዮጵያ ባድመን ታስተዳድር እንደነበር ያቀረበችው ማስረጃም ውሉ ያሰመረውን ለመለወጥ በቂ ሆኖ አላገኘውም። እዚያ መሬት ላይ ቆሞ ላየ ሰው ከሰቲት እስከ መረብ ያለው ድንበር ወንዝም ተራራም የማይለየው፣ በካርታ ላይ ብቻ የሚታይ ቀጥ ያለ መስመር ነው።

የአልጀርስ ስምምነት ምን ነበረው?

ጦርነቱን የቋጨው ይህ ስምምነት ሁለት ደረጃ ነበረው። ከግንቦት 1992ቱ ከባድ ውጊያ በኋላ ሰኔ 11 ቀን ተኩስ አቁም ተፈረመ። ዋናው ስምምነት ደግሞ ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 አልጀርስ ላይ በመለስ ዜናዊና በኢሳያስ አፈወርቂ ተፈረመ። የተባበሩት መንግሥታት፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት፣ አልጄሪያና አሜሪካ በምስክርነት ቆሙ።

ስምምነቱ ሦስት ነገር አቋቋመ። ሁለቱ ጦር እንዳይነካካ በኤርትራ ግዛት ውስጥ 25 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ጊዜያዊ የፀጥታ ቀጠና ተበጀ፤ ስፋቱ የተለካው በመድፍ ጥይት ርቀት ነው። ድንበሩን የሚወስን አምስት አባላት ያሉት ኮሚሽን ሄግ ላይ ተሰየመ፣ ውሳኔውም ይግባኝ የሌለው፣ የመጨረሻና አሳሪ እንዲሆን ሁለቱም ፈረሙ። ለደረሰ ጉዳትም የካሳ ኮሚሽን ተቋቋመ።

ያልገባውንም ማስተዋል ያስፈልጋል። የድንበር ኮሚሽኑ ቅኝ ገዢ ውሎቹንና ዓለም አቀፍ ሕግን ብቻ እንዲያይ ታዞ፣ «ለሕዝቡ የሚበጀው ይህ ነው» ብሎ መስመር እንዳያዛውር ተከልክሏል። ወደብ፣ ንግድ፣ ገንዘብ፣ የተፈናቀለ ሰው ዜግነት አንዳቸውም በወጉ አልተነሱም። ጠቡን ያፈሉት ነገሮች ተትተው የተፈታው ካርታው ነበር ማለት ይቻላል።

ውሳኔው በተሰጠ ቀን መንግሥት «አሸንፈናል» አላለም እንዴ?

ብሏል፤ አስመራም ብላለች። ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ውሳኔው ሲወጣ በአዲስ አበባ በኩል የተሰጠው መግለጫ ባድመን ጨምሮ የይገባኛል ጥያቄያችን ተከብሯል የሚል ነበር። በአንድ ቀን ሁለቱም ሊያሸንፉ የቻሉት ውሳኔው መስመሩን በነጥቦች ስላስቀመጠ ነው፤ አባሪው ካርታ ላይ ባድመ የሚል ስም አልተጻፈም ነበር። መንደሯ በየትኛው በኩል እንደወደቀች ሰው ሁሉ ያወቀው ቆይቶ፣ ነጥቦቹ በካርታ ላይ ሲቀመጡና ኮሚሽኑ ራሱ ሲያረጋግጥ ነው። መጀመሪያ የተሰጠው ያ የድል መግለጫ በኋላ ሊመጣ ለሚገባው እውነት ቦታ አሳጣ።

«የመጨረሻና አሳሪ» ከተባለ ለምን አልተፈጸመም?

ወስኖ መሬት ላይ ችካል መትከል ሁለት ሥራ ነው። የመጀመሪያውን ሦስተኛ ወገን ሊሠራው ይችላል። ሁለተኛው ግን ቀያሾቹ ሲገቡ በሁለቱም በኩል የሚጠብቃቸው፣ የሚያጅባቸው፣ ፈንጂ የሚያነሳላቸው ይፈልጋል። አዲስ አበባ ውሳኔውን ሳትሽር ሥራውን ከለከለች። በመስከረም 1996 ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ለተመድ ዋና ጸሐፊ ለኮፊ አናን በጻፉት ደብዳቤ የባድመው ውሳኔ ፍትሕ የጎደለው ነው አሉ። በኅዳር 1997 ደግሞ «በመርህ ደረጃ ተቀብለናል» የሚል ባለ አምስት ነጥብ ሐሳብ ይዘው መጡ፤ ከማካለሉ በፊት ውይይት ይቅደም የሚል ነው። ኤርትራ መልሷ አጭር ነበር፦ ስለ ተወሰነ ነገር ምን እንወያያለን?

በሕጉ ኤርትራ ትክክል ነበረች። በኑሮው በኩል ግን ኢትዮጵያ ያነሳችው ነጥብ ባዶ አይደለም፤ መስመሩ የኢሮብን ሕዝብ አንድ ቀበሌ ከሌላው ለይቶ ይቆርጣል። ያልተስማማኝ ሁለቱም ወገኖች ትክክለኛውን ነጥባቸውን ላለመንቀሳቀስ መጠቀማቸው ነው።

ኮሚሽኑ ብዙ ጠብቆ በኅዳር 1999 የአንድ ዓመት ጊዜ ሰጣቸው። ዓመቱ ሲያልቅ፣ ኅዳር 20 ቀን 2000፣ ነጥቦቹን በኬክሮስና በኬንትሮስ ቁጥር ዘርዝሮ «ድንበሩ በዚህ እንደተካለለ ይቆጠራል» ብሎ ቢሮውን ዘጋ። መሬቱ ላይ ግን አንድ ድንጋይ አልተንቀሳቀሰም።

ሰላም አስከባሪዎቹ ምን ሠሩ? ለምን ወጡ?

እስከ 4,200 ወታደር የተፈቀደለት የተመድ ኃይል ነበር። ቀጠናውን ጠበቀ፣ ፈንጂ አጸዳ፣ እዚህም እዚያም የሚነሳ ግርግር እንዳይሰፋ ተከላከለ። የመሰናበቱ ታሪክ የሚያስተምር ነው፤ ማንም ጥይት አልተኮሰበትም። በመስከረም 1998 ኤርትራ ሄሊኮፕተሮቹ እንዳይበሩ ከለከለች፣ የሌሊት ቅኝት ተከለከለ፣ የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ሠራተኞች ከአገር እንዲወጡ ተደረገ፣ በመጨረሻም ነዳጅ ተነፈገ። ጀነሬተርና መኪናው የቆመ ሰላም አስከባሪ ምን ይጠብቃል? የጸጥታው ምክር ቤት በሐምሌ 2000 ተልዕኮውን ዘጋው።

ካሳው ተከፈለ? ጥፋተኛው ማን ሆነ?

የካሳ ኮሚሽኑ በታኅሣሥ 1998 በሰጠው ውሳኔ ግንቦት 4 ቀን 1990 ኃይል ተጠቅማ ዓለም አቀፍ ሕግ የጣሰችው ኤርትራ ናት አለ። ስለዚህ በጣም አስቂኝ የሚመስል ነገር አለ፦ ባድመ የኤርትራ ናት፣ ኤርትራም ባድመን በጦር መያዟ ጥፋት ነው። ሁለቱም ውሳኔ በአንድ ላይ ትክክል ሊሆን ይችላል። ጎረቤት የወሰደብህ መሬት የእውነትም ያንተ ቢሆን፣ ዳኛ ጋ ሳትሄድ በዱላ ልታስወጣው አትችልም።

ነሐሴ 11 ቀን 2001 በመጨረሻ ሒሳቡ ሲደመር ለኢትዮጵያ ወደ 174 ሚሊዮን ዶላር፣ ለኤርትራ ደግሞ ወደ 163 ሚሊዮን ዶላር ሆነ። በኤርትራ ላይ ከተጻፈው መካከል ግንቦት 28 ቀን 1990 መቀሌ ላይ የተጣለው ቦምብ አለ፤ ዓይደር ትምህርት ቤትን የመታው ነው፤ ከሞቱት ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው። በኢትዮጵያ ላይ ከተጻፈው መካከል ሰንዓፈ አጠገብ ያለው ጥንታዊው የመጠራ ሐውልት መፍረስ ይገኛል። በሁለቱም ላይ ምርኮኛን ማንገላታት ተጽፏል። ሁለቱ ሒሳቦች ሲቀናነሱ ልዩነቱ 11 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነው፤ ለሁለት ዓመት ጦርነት፣ ብዙዎች ከ70,000 በላይ ሰው አልቆበታል ብለው ለሚገምቱት።

ከተማችን ውስጥ ስለነበሩት ኤርትራውያንስ ምን ይባላል?

ስለ ድንበሩ ሲወራ ይሄ ይረሳል። ጦርነቱ እንደተነሳ ኢትዮጵያ 75,000 ገደማ ኤርትራዊ ዝርያ ያላቸውን ሰዎች አባረረች፤ ብዙዎቹ እዚሁ ተወልደው ያደጉ፣ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ይኖሩ የነበሩ ናቸው። ከኤርትራ በኩልም ኢትዮጵያውያን በአስር ሺዎች ተባርረው ወይም መኖር ስላልተቻላቸው ወጥተዋል። በ1985ቱ ሕዝበ ውሳኔ ካርድ አውጥቶ የመረጠ ሰው ዜግነቱ የት እንደሆነ አስቀድሞ የጻፈ ወረቀት ቢኖር ይህ ሁሉ ሰው በአውቶቡስ ተጭኖ ድንበር ላይ ባልተጣለ ነበር። እስከ ዛሬም ይህ ወረቀት በሁለቱ መካከል የለም።

ከ1993 እስከ 2010 ተኩስ ከሌለ ችግሩ ምን ነበር?

ተኩስ ነበር፣ በእጅ አዙር። እያንዳንዱ መንግሥት የሌላውን ተቃዋሚ አስጠልሎ ያስታጥቅ ነበር። አስመራ የኦነግን፣ የኦብነግንና የግንቦት 7ን ሰዎች ስታስተናግድ አዲስ አበባ የኤርትራን ተቃዋሚዎች ትሰበስብ ነበር። ሶማሊያ ውስጥ የሁለቱ ጠብ የሌሎችን ሕይወት በላ፤ የጸጥታው ምክር ቤት በታኅሣሥ 2002 በኤርትራ ላይ ማዕቀብ የጣለው ከዚያ ጋር በተያያዘ ነው። በሰኔ 2008 ድንበሩ ላይ ባለችው ጾሮና ከባድ ውጊያ ተደርጎ ሁለቱም ወገን ሌላውን ከሰሰ። ኤርትራ ውስጥ ያልተወሰነ ብሔራዊ አገልግሎት ሰበቡ ይሄው «ሰላምም ጦርነትም የሌለበት» ሁኔታ ነበር፤ ወጣቱ በሊቢያ በረሃና በባሕር ላይ የሞተው ከዚያ ሲሸሽ ነው።

ስለዚህ አንድ ሰው «18 ዓመት ጸጥ ብሎ ነበር» ሲል፣ ጸጥታው ማን ላይ ተከፍሎ እንደተገዛ ይጠየቅ።

በ2010 ምን ተለወጠ?

የኢህአዴግ ሥራ አስፈጻሚ ግንቦት 28 ቀን 2010 የአልጀርስን ስምምነትና የኮሚሽኑን ውሳኔ ሙሉ በሙሉ እንደሚቀበል አስታወቀ። ዓይደር ከተደበደበ ልክ 20 ዓመት በሞላው ቀን መሆኑን አስበውበት እንደሆነ አላውቅም። መግለጫው ኢትዮ ቴሌኮምንና አየር መንገዱን በከፊል መሸጥንም ይዞ ስለመጣ ብዙ ሰው መጀመሪያ ያወራው ስለ ሽያጩ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በቀን ሳይሆን በሰዓት ሄደ። ሐምሌ 1 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አስመራ ገቡ፣ ሐምሌ 2 የሰላምና የወዳጅነት መግለጫ ተፈረመ፣ ሐምሌ 7 ኢሳያስ አዲስ አበባ መጡ። ስልክ ተከፈተ። አዲስ አበባ ውስጥ ዘመድ የሌለው ሰው ሁሉ ሳይቀር ዝም ብሎ የኤርትራን ኮድ አስቀድሞ ቁጥር ይመታ ነበር፤ «ማን ልበል?» ሲባል «ማንም አይደለሁም፣ ሰላም ልል ነው» የሚሉ ነበሩ። ሐምሌ 11 የመጀመሪያው በረራ ሲነሳ ተሳፋሪው ስለበዛ ሁለት አውሮፕላን በደቂቃዎች ልዩነት ተነሱ።

መስከረም 1 ቀን 2011 በቡሬና በዛላምበሳ በኩል መንገዱ ተከፈተ። የዛላምበሳው የገበያ ሁኔታ አይረሳም፦ ከዓዲግራት በኩል ጤፍ፣ ሲሚንቶና የግንባታ ዕቃ ወደ ሰሜን ሲጓዝ የኤርትራ ታርጋ ያላቸው መኪኖች እስከ መቀሌ ወረዱ። ድንበር ላይ ናቅፋና ብር በእጅ ይቀያየር ነበር፣ በዚያው ሰው በስንት እንደሚመነዝር ይከራከር ነበር። ያ ክርክር ትንሽ ይመስላል፤ የ1990ው ጠብ ግን እንዲሁ ነበር የጀመረው።

ታዲያ ለምን ተዘጋ?

ገና ከታኅሣሥ 2011 ጀምሮ በዛላምበሳና በራማ ፈቃድ ይጠየቅ ጀመር። ታኅሣሥ 29 ቀን በገና ዕለት ሁለቱ መሪዎች የኦምሐጀርና ሑመራን መንገድ በክብር ቢከፍቱም፣ እስከ ሚያዝያ 2011 ድረስ በየብስ ያሉት መተላለፊያዎች ሁሉ ተዘግተዋል። ይፋ ምክንያት አልተሰጠም። ለእኔ የሚመስለኝ መንገዱ ሲከፈት ጉምሩክ፣ ኢሚግሬሽን፣ የገንዘብ ምንዛሪና የወደብ አገልግሎት የሚዳኝ ስምምነት አብሮ ስላልተጻፈ ነው። መሪ በቃሉ የከፈተው በር መሪ በቃሉ ይዘጋል። ከትግራይ ጋር የነበረው ቁርሾም አለ፤ ዛላምበሳና ባድመ የነበሩት በዚያን ጊዜ ከፌዴራሉ ጋር በተኳረፈው ክልል ውስጥ ነው።

የጅዳው ስምምነት ምን ይላል?

መስከረም 6 ቀን 2011 ሳዑዲ ላይ በዐቢይና በኢሳያስ ተፈርሟል። ሰላምን፣ ትብብርን፣ የጋራ ኢንቨስትመንትንና የድንበር ውሳኔውን ማክበርን ያወሳል፤ ዝርዝር የለውም።

የፕሪቶሪያ ስምምነት ኤርትራን ይመለከታል?

የትግራይን ጦርነት ያቆመውን ይህን ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ የፈረሙት የፌዴራል መንግሥትና ሕወሓት ናቸው። ኤርትራ በጦርነቱ ውስጥ ወታደር ነበራት፣ ጠረጴዛው ላይ ግን ወንበር አልነበራትም። ተከትሎ ናይሮቢ ላይ የተፈረመው የማስፈጸሚያ ሰነድ የውጭ ኃይሎች ስለሚወጡበት ቢያነሳም ያልፈረመ አካል ላይ ግዴታ ማስቀመጥ አይችልም። ኢሮብ ወረዳ ውስጥ ከፕሪቶሪያ በኋላም ቤታቸው መመለስ ያልቻሉ ሰዎች ያሉት በዚህ ክፍተት ነው። የውስጥ ጦርነትና የጎረቤት ጦርነት በተደባለቀ ቁጥር አንዱን ብቻ የሚያስታርቅ ወረቀት ግማሹን ቤት ይተዋል።

በሱዳን በኩል ያለው የአል ፋሽጋ ጉዳይ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል?

ሥሩ አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ በፈረንጅ ግንቦት 15 ቀን 1902 ምኒልክ የሱዳንን ድንበር ከእንግሊዝ ጋር ሲፈራረሙ የሰቲቱ ውልም በዚያው ቀን ነው የተፈረመው። ልዩነቱ በአያያዙ ነው። በሱዳን በኩል በ2000 አካባቢ «መስመሩ የሱዳን ይሁን፣ ገበሬው እያረሰ ይቆይ» የሚል ለስላሳ መግባባት ተደርጎ ለዓመታት ሠርቷል። ፍጹም አልነበረም፣ በታኅሣሥ 2013 የሱዳን ጦር ገብቶ አፍርሶታል። ቢሆንም ካርታውን ሳይነካ ማሳውን ማዳን እንደሚቻል አሳይቶ ነበር። ባድመና ኢሮብ ላይ ይህን የሞከረ አልነበረም።

አሰብስ?

አልጀርስ ስለ አሰብ አንድ ቃል የለውም፤ የኤርትራ ግዛት መሆኑ ስላልተጠየቀ። ጦርነቱ ሲነሳ ኢትዮጵያ ጭነቷን ወደ ጅቡቲ አዞረች፣ አሰብ ባዶ ቀረ። በጥቅምት 2016 ጠቅላይ ሚኒስትሩ የባሕር በር የህልውና ጉዳይ ነው ሲሉ አስመራ ድንበሬ እንዳይነካ አለች። ወደብ መጠቀምና ወደብ መያዝ ሁለት ነገር ነው፤ በአደባባይ ሲወራ ግን ይቀላቀላል፣ አንዳንዴም ሆን ተብሎ።

ዛሬ አስመራ ዘመድ ጥየቃ መሄድ ይቻላል?

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነሐሴ 28 ቀን 2016 ወደ አስመራ የሚያደርገውን በረራ አቁሟል። ከዚያ በኋላ የጠየቁኝ ሰዎች በሌላ አገር ዞረው ሄደዋል፣ ወይ ሠርጉን በቪዲዮ ተካፍለዋል። አንዲት የሰፈራችን እናት በ2010 የተከፈተውን የእህታቸውን ቁጥር እስከ ዛሬ በወረቀት ጽፈው ፍሪጅ ላይ ለጥፈውታል፤ ስልኩ ሲይዝላቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት የጤፍን ዋጋ ነው።